ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ

የጋሽ ደምሴን ሞት የነገረችኝ ልጃቸው ናት። ስልኩን ሳነሳው እያለቀሰች አልነበረም፤ ተናዳ ነበር። «አልማዝ፣ የአባዬ ፎቶ አንቺ ጋ አይጠፋም ብዬ ነው» አለችኝ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ለቀስተኛው መጥቷል፣ ሻማው በርቷል፤ ሻማው አጠገብ የሚቆም ፎቶ ግን የለም። ለግማሹ ሐዋሳ የመታወቂያ፣ ለቀረው ግማሽ ደግሞ የሠርግ ፎቶ ያነሱ ሰው የራሳቸው አንድ ፎቶ ጠፍቶ ሊቀበሩ ነው።

እኔ ጋ አንድ ነበረች። ያነሳኋቸው እኔው ነኝ፤ እሷም ብትሆን የተበላሸች ናት። ጋሽ ደምሴ ሌላውን ሰው እንጂ ራሳቸውን ካሜራ ፊት አንዲት ሰከንድ አቁመው ስለማያውቁ ፊታቸው ሁለት ሆኖ ነው የወጣው። ይህን ለልጅቷ ስነግራት «ይሁን አምጪው፤ ሁለቱም አባዬ ናቸው» አለች። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ፎቶውን ባየ ቁጥር መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ነበር። ካህኑም ጠርገዋል።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ ልጅቷ በቆርቆሮ ሳጥን የታሸገች አንዲት ትንሽ የፊልም ጥቅል አመጣችልኝ። «ለአልማዝ ስጡልኝ ብለው ነበር» አለችኝ። ጥቅሏን አውቃታለሁ፤ ለጋሽ ደምሴ የተሳካችላቸው ፊልም እሷ ብቻ ናት። እስካሁን አልከፈትኳትም። ለምን እንዳልከፈትኳት ስጨርስ ይገባችኋል።

ጋሽ ደምሴን ያወቅኋቸው በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ አልመጣ ብሎኝ ቤት ስቀመጥ ፒያሳ ያለው ፎቶ ቤታቸው ቀጠሩኝ። ሥራዬ ኔጌቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ የሰውን ብጉርና ጠባሳ ማጥፋት ነበር። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። በዚያ ዘመን የሐዋሳ መታወቂያ አውጥታችሁ አንደኛው ቅንድባችሁ ከሌላው አጥሮ ካገኛችሁት ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ።

ጋሽ ደምሴ ከተማዋ ገና ስትቆረቆር ከሸዋ የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ከረባት የማይፈቱ ሰው ነበሩ። በከረባቱ ጫፍ የካሜራውን መስታወት ይጠርጉበታል። ደንበኛውን በርጩማ ላይ ያስቀምጡና «ቀና! ጆሮ ይታይ! ትንፋሽ ያዝ!» ይላሉ። ከዚያ «አንድ… ሁለት…» ብለው ይቆጥራሉ። ሦስትን ግን አይሉም፤ ሁለት ብለው ይጫኑታል። «ሦስት ያልኩት ሰው ዓይኑን ይጨፍናል» ይሉ ነበር። «ሦስትን የሚጠብቅ ሰው ግን ምሰሶ ነው፤ ንፋስ አይነቀንቀውም።»

ከተማው በሙሉ በዚህ ትእዛዝ ነው ተኮትኩቶ ያደገው። ጋሽ ደምሴ ካሜራ አንግተው ከታዩ የሚሮጠው ሕፃን ይቆማል፣ የሚነጫነጨው ሽማግሌ ዝም ይላል። እሳቸውም ቢሆኑ አመሉ ከፎቶ ቤቱ ውጭ አይተዋቸውም። የሰውን አገጭ በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀና ማድረግ ይወዳሉ፤ መንገድ ላይ ሰላም ያላቸውን ሰው ሳይቀር ያቃኑታል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አብሬያቸው ስሄድ አንገቷን ደፍታ ከምታለቅስ ሴት አጠገብ ተቀመጡ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ አገጯን ቀና፣ ከዚያም ትንሽ ወደ ግራ አደረጉላት። ሴትየዋ ለቅሶዋን አቋርጣ ትንፋሿን ያዘች። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ እየተንሰቀሰቅሁ ወጣሁ፤ «ሟቹን እንዲህ ትወደው ነበር እንዴ?» እስኪባል ድረስ።

እንግዲህ እኚህ ሰው አንድ ቀን ጠዋት በሞተር ሳይክላቸው ወጥተው በእግራቸው ተመለሱ። ሞተሩን ሸጠው፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ መምህር የፊልም መቅረጫ፣ ማሳያ ማሽኑንና አምስት ጥቅል ፊልም ገዝተዋል። አንዱ ጥቅል ሦስት ደቂቃ ብቻ ይቀርጻል፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ዕቃውን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«አንተ ሰው፣ ሞተሩስ ያስኬድህ ነበር። ይሄ ምን ሊያደርግልህ ነው?»

«ሌላውን ሰው ያስኬዳል» አሉ ጋሽ ደምሴ።

እትዬ ጥሩነሽ ወደ ጓዳ ሲገቡ ወደ እኔ ዞሩ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሳደርቅ ኖርኩ፣ አልማዝ። ሕፃኑን አደረቅኩት፣ ሙሽራውን አደረቅኩት። ሳልሞት አንድ ጊዜ እንኳ ሰው እንደ ሰው ሲንቀሳቀስ ማስቀረት አለብኝ። የዚህ ከተማ ወጣት እንዴት እንደሚራመድ ታውቂያለሽ?»

«እንዴት ነው የሚራመደው?»

«አየሽ! አብረሽው እየሄድሽ አታውቂውም።»

ፊልሙ ስለ እኛ ነበር፤ ስለ እሁድ ከሰዓታችን። እሁድ ከሰዓት የሐዋሳ ወጣት ሥራ የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ የሚሄድበትም የለውም። ስለዚህ ካለው ልብስ ደህናውን ይለብስና ከፒያሳ ተነስቶ በሰፊው መንገድ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ውሃውን ትንሽ ያያል። ከዚያ ይመለሳል። ጋሽ ደምሴ የፊልሙን ታሪክ በፎቶ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፉት፤ ሙሉ ጽሑፉ ይኸው፦ «ወጣቶቹ ወደ ሐይቁ ይሄዳሉ። ይመለሳሉ።»

ዋናው ተዋናይ ሳሙኤል ነበር፤ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚሸጡት የእትዬ ማርታ አንድያ ልጅ። መልኩ መካከለኛ ነው፤ ይህን የምለው ፊቱን በእርሳስ ስለማውቀው ነው። አረማመዱ ግን ጉድ ነበር። ግራ ትከሻውን ትንሽ አስቀድሞ፣ ተረከዙ መሬት እንደነካ ነጠር እያለ፣ የሆነ ቦታ የሚጠብቁት ይመስል ነበር የሚሄደው። ማንም የሚጠብቀው አልነበረም። ሴቷ ተዋናይት እኔ ሆንኩ፤ የሌሎቹ ሴቶች እናቶች እንቢ ስላሉ ነው። የእኔ እናት «ድምፅ ከሌለው ምን ነውር አለው?» ብላ ፈቀደች። ሦስት የሳሙኤል ጓደኞች ተጨመሩና ቡድኑ ሞላ።

በዚያ ጊዜ ከቀበሌ ሳይፈቀድ ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ መቆም ራስን ማሳሰር ነው። ጋሽ ደምሴ ከረባታቸውን አጥብቀው፣ እኔን አስከትለው ሊቀመንበሩ ዘንድ ቀረቡ። ሊቀመንበሩ ፖስታውን ፊትና ጀርባውን ገልብጦ አነበበው።

«ጠላቱ ማነው?» አለ።

«የምን ጠላት፣ ጓድ?»

«ፊልም ከሆነ ጠላት አለው። እዚህ ውስጥ የወጣቱ ጠላት ማነው?»

ጋሽ ደምሴ የምር አሰቡ። «መሰልቸት» አሉ።

«በአብዮት ጊዜ የሚሰለች ወጣት የለም!»

እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። ሊቀመንበሩ ግን ፊልም የሚባለው ነገር ሳያጓጓው አልቀረም። «ለመሆኑ ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብሎ ጠየቀ።

«ወደ ፊት» አሉ ጋሽ ደምሴ ሳያመነቱ።

የሊቀመንበሩ ፊት ፈካ። «ወደ ፊት ከሆነ ጥሩ» አለ። ቀይ እስክሪብቶውን አነሳና «ይመለሳሉ» የምትለዋን ሰረዛት። «ወደ ፊት የሄደ ወጣት አይመለስም» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈበት። ስንወጣ ጋሽ ደምሴ ፖስታውን በጥንቃቄ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «አይዞሽ፣ መመለሱንም እናነሳዋለን» አሉኝ። «እሱ ራሱ ማታ ማታ ቤቱ አይደል እንዴ የሚገባው?»

የመጀመሪያዋን ጥቅል ያነሳናት ሐይቁ ዳር ነው። ጋሽ ደምሴ ለሳምንት ሲመክሩን ሰንብተው ነበር፤ «ዝም ብላችሁ ሂዱ፤ እኔን እርሱኝ» እያሉ። ቀኑ ደረሰ። መቅረጫውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የለመደ አፋቸው ቀደማቸውና «ቀና! ትንፋሽ ያዝ! አንድ… ሁለት…» አሉ።

ቆምን። አምስታችንም ቆምን። ዙሪያችን ያለው ሰውም ቆመ፤ ብስክሌት የሚጋልበው አንድ እግሩን አውርዶ ቆመ፣ ፖሊሱ ሰላምታ እንደሰጠ ቆመ። ሦስት የሚል ድምፅ እየጠበቅን ሦስት ደቂቃ ቆምን። ጋሽ ደምሴ እያነሱ መሆናቸውን እንጂ እኛ መድረቃችንን ልብ አላሉም፤ ለሳቸው የቆመ ሰው ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ፊልሙ ውጭ አገር ተልኮ ታጥቦ የመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ግድግዳው ላይ ስናየው ከዳር እስከ ዳር የሚንቀሳቀሰው አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ አባ ኮዳ፣ ያ ዓሣ የሚሻማው መላጣ ወፍ። በመካከላችን ቀስ ብሎ ይንጎራደዳል። እትዬ ማርታ ሳፋ ጋ ይደርሳል። አንድ ዓሣ ይውጣል። ወዲያ ወዲህ አይቶ ሌላ ይደግማል። እትዬ ማርታ ከሳፋው ኋላ ቀጥ ብለው፣ ጆሯቸውን አሳይተው፣ ዓሣቸው ሲበላ ዓይናቸው እያየ ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

«እንዴት ዝም አሉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው በኋላ።

«ፎቶው እንዳይበላሽ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ጋሽ ደምሴ ግድግዳውን ብዙ ሰዓት አዩት። «አባ ኮዳው ተዋናይ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እናንተ ዕቃ ናችሁ።»

ሁለተኛዋን ጥቅል ስናነሳ መንቀሳቀስ እንዳለብን በደንብ ተነገረን። ተንቀሳቀስንም። ግን በዚያ ዘመን ሰው ፊት መሄድ ማለት ሰልፍ ነው። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያልን፣ ክንዳችንን እስከ ትከሻ እያወናጨፍን ሐይቁ ውስጥ ልንገባ ምንም አልቀረንም። በሦስተኛዋ ሳሙኤል ጥሩ ጀምሮ ነበር፤ ጋሽ ደምሴ ደስ ሲላቸው «ሁለት!» ብለው ጮኹና አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። አራተኛዋን ሊቀመንበሩ ወሰዳት። ንግግሩ ይቀረጽልኝ አለ። ድምፅ እንደሌለው ቢነገረው «ግድ የለም፣ እጄ ይናገራል» አለ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ እጁ ተናገረ።

አንድ ጥቅል ቀረች። ጋሽ ደምሴ እህል ውሃ አልቀምስ አሉ። እትዬ ጥሩነሽ ሳይቀሩ በሞተሩ መቀለዱን ተዉ። ሰውየው የቀራቸውን ሦስት ደቂቃ ካበላሹ ሌላ የሚሸጡት ነገር የለም፤ ሰው ሲሄድ ሳያስቀሩ ዕድሜያቸው አለቀ ማለት ነው። እኔም በዚያ ሳምንት በቅንድብ አልቀለድኩም።

ዓርብ ዕለት እየተጣደፉ መጡ። «ጥፋቱ የማን እንደሆነ አገኘሁት» አሉኝና አፋቸውን ጠቆሙ። «የዚህ ነው! አንደኛ እሱ ይዘጋል። ሁለተኛ እኔ አልታይም።»

እሁድ ከሰዓት አንድ የፈረስ ጋሪ መንገዱ ሐይቁ ጋ ሊደርስ ሲል ዳር ይዞ ቆመ። ጋሽ ደምሴ ጋሪው ላይ በሆዳቸው ተኝተው ሸራ ለበሱ፤ መቅረጫው በሸራው ቀዳዳ ወደ ሐይቁ ያያል። አፋቸውን በእትዬ ጥሩነሽ ሻሽ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ «አጥብቂው» ብለውኝ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ለሳሙኤልና ለጓደኞቹ ግን «ጋሽ ደምሴን ወገባቸውን አሟቸዋል፤ ዛሬ ፊልም የለም፣ ዝም ብለን ወርደን እንምጣ» አልኳቸው። እንደ ሁልጊዜው ሄድን። ሳሙኤል ግራ ትከሻውን አስቀድሞ፣ ነጠር እያለ፣ ስለማይረባ ነገር እያወራ ሄደ። እኔ የማውቀው ብቻዬን ስለሆንኩ እንደ ዱላ ደርቄ ነበር፤ ደግነቱ ማንም እኔን አያይም።

ጋሪውን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ፈረሱ አስነጠሰው። ሳሙኤል ዞር አለ። ከሸራው ሥር የከረባት ጫፍ ብቅ ብሏል፤ ያን ከረባት ሐዋሳ ውስጥ የማያውቀው የለም። ይደርቃል ብዬ ፈራሁ። አልደረቀም። ወገቡን ይዞ ሳቀ፤ ዘለል ብሎ ለጋሪው እጁን አውለበለበ። ከዚያ ዞሮ ያን አረማመዱን እየተራመደ እስከ ውሃው ወረደ።

ተመልሰን ስንመጣ ጋሽ ደምሴ አፋቸው እንደታሰረ ጋሪው ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። የሚሉት አይሰማም። ሻሹን ስፈታላቸው «ሄዱ! ሄዱ እኮ!» ይሉ ነበር። ፊልሙ ግን እዚያው ውሃው ዳር አልቋል። መመለሳችን አልተነሳም። «እሱን በሌላ ጥቅል» አሉ። «ፈልጌ አገኛለሁ። ይሄዳሉ ብዬ ይመለሳሉ ሳልል አልቀርም።»

ያ ሰሞን ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ነው። ከቀበሌያችን ይህን ያህል ወጣት ተብሎ ሲጠየቅ የሳሙኤል ስም ወጣ። ከመሄዱ በፊት ለእናቱ የሚተወውን ፎቶ ሊነሳ መጣ። ጋሽ ደምሴ በርጩማው ላይ አስቀመጡት። «ትንፋሽ ያዝ» አላሉትም። አንድ አሉ፣ ሁለት አሉ፣ ጣታቸው እንቢ አላቸው። «ጋሼ፣ ሦስትን ዛሬ ሊሉት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀባቸው። ያን ጊዜ ተጫኑት። በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘነው። ሊቀመንበሩ «ወደ ፊት!» እያለ ንግግር አደረገ፤ ጋሽ ደምሴ ደረት ኪሳቸውን በእጃቸው እንደሸፈኑ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ጥቅሏ ታጥባ ስትመጣ ሳሙኤል ከሄደ ሁለት ወሩ ነበር። እኔና ጋሽ ደምሴ በራችንን ዘግተን አንድ ጊዜ አየናት። ደህና ነበረች። ከደህናም በላይ ነበረች። «እናቱ ሳታያት ማንም አያያትም» አሉና ቆለፉባት። «እናቱን ደግሞ ምን ብዬ ልጥራት?»

መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። በኋላ ቀረ። ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ እሁድ ከሰዓት እትዬ ማርታ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ፎቶ ቤቱ ገቡና ሳይጠየቁ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ጋሽ ደምሴ» አሉ፣ «ፎቶውማ አለኝ። ግን ፎቶው ቆሟል። የኔ ልጅ ቆሞ አያውቅም። አረማመዱ ጠፋብኝ። ዓይኔን ስጨፍን ቆሞ ነው የሚመጣብኝ። አካሄዱ እርስዎ ጋ አለ ሲሉ ሰማሁ።»

ጋሽ ደምሴ ጥቅሏን ከቆለፉባት አወጡ። መጋረጃውን ዘጋሁ። ማሽኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ግድግዳው ላይ የአምስት ወጣት ጀርባ ታየ።

«ይኸው!» አሉ እትዬ ማርታ። «ትከሻው! ትከሻውን አያችሁ?» ፈረሱ ያስነጠሰበት ጋ ሲደርስ ሳሙኤል ዞሮ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረውት ሳቁ፣ እጁን ሲያውለበልብ አውለበለቡለት። ከዚያ እያነሰ፣ እያነሰ ወደ ውሃው ሄደ። ግድግዳው ነጭ ሆነ።

«መመለሱስ?» አሉ።

«አልተነሳም፣ ማርታ። ፊልሙ አለቀ።»

«ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ ነው አይደል የሚለው? ሳሙኤል ነግሮኛል።»

ጋሽ ደምሴ እኔን አዩኝ። ማሽኑ ጎን ላይ እስከዚያ ቀን ነክተዋት የማያውቁ አንዲት ቁልፍ ነበረች። ገለበጧት።

ከውሃው ዳር ተመለስን። በጀርባችን እየሄድን ተመለስን። ብስክሌቱ ወደ ኋላ ይጋልባል፣ አባ ኮዳው ወደ ኋላ ይንጎራደዳል፣ የተበተነው አቧራ ተሰብስቦ መሬት ይገባል። እትዬ ማርታ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እኔም መቆም እስኪያቅተኝ ሳቅሁ። ሳሙኤል እጁን አውለበለበ፣ ሳቀ፣ ዞረ፤ ከዚያ በጀርባው ነጠር፣ ነጠር እያለ፣ እያደገ፣ እያደገ መጣ። በመጨረሻ ግድግዳው በሙሉ ሸሚዙ ሆነ። ፊልሙ ከማሽኑ ላይ ወለቀ።

ጋሽ ደምሴ በልማዳቸው የእትዬ ማርታን አገጭ ሊያቃኑ ሁለት ጣታቸውን ዘረጉ፤ እትዬ ማርታ ግን ቀና ብለው ነበር።

«ልድገመው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«አይ» አሉ እትዬ ማርታ። «አሁን ገብቷል። እንደገና እንዳያስወጡት።»